የውስጠኛው ክፍል ስፋት

ኬንት፣ እንግሊዝ አገር
ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ አብዱልሀፊዝ፤
ዳንግላ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የእትዬ ሰውዳን ጤንነት በያላችሁበት እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የዳንግላን ብርድ ስናማ የኖርን ሰዎች የዚህን አገር የባሕር ነፋስ ብናውቅ ኖሮ ይቅርታ እንጠይቀው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ነበር። እርስዎ «ማን ልበል! ማን ልበል!» እያሉ ሲጮኹ በመጨረሻ የመለሰልኝ ጎረቤትዎ ባለ ዳቦ ቤቱ ነው። ስለዚህ እኔ የወንድምዎ የሰላሁዲን ልጅ ኢንሳፍ በወረቀት መጣሁ። ደብዳቤውን የምታደርስልዎ እዚህ የምትኖረው የአገራችን ልጅ ሃጀር ናት፤ ለእህቷ ሰርግ ወደ አገር ትገባለች።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እንደምሠራ ያውቃሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከጡረተኞች ጋር መዞር ጀምሬያለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን ይመጣብናል ብለው በየማሳው ጥግ የሠሩት የኮንክሪት ምሽግ አለ። እሱን ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ይመዘግባሉ። የተመዘገበውን ባለ መሬቱም ቢሆን እንዳሻው አያፈርሰውም። መጀመሪያ ሳያቸው ሥራ የፈቱ መስለውኝ ነበር። ኋላ አንዲት አሮጊት ዝናብ እየወረደባት ጭቃ ላይ ተንበርክካ የጥይት መተኮሻ ቀዳዳ ስትለካ አየሁና ከከተማችን በላይ ጉብታው ላይ ያለው የጣሊያን ምሽግ ትዝ አለኝ። የእሱን ስፋት ማን ያውቃል? ሰው ድንጋዩን እየነቀለ ለቤት መሠረት ሲወስድ ነው ያደግነው። ሳያልቅ እንመዝግበው። ምዝገባው ካለ አጥር ይታጠርለት ብሎ መጠየቅም ይቻላል።

እርስዎን የማስቸግረው ለልኬቱ ነው። የውጭውን ግንብ፣ የመተኮሻ ቀዳዳዎቹን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በስተምዕራብ ያለውን የውስጠኛውን ክፍል ስፋት ይላኩልኝ። ለሥራው የሚሆን ሜትር፣ ለጆሮ ማዳመጫዎም ባትሪ በሃጀር ልኬያለሁ።

አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ ኢንሳፍ


ዳንግላ
ኅዳር 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢንሳፍ፤
ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባትሪው ደርሶኝ ጆሮዬ ተከፍቷል። ሰውዳ ግን «ባትሪውን መልስላት፣ ባትሰማ ይሻለኝ ነበር» ብላለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የእኔው ለሚስቴም ባዳ ሆነ።

ሜትሩም ደርሷል። አይ ልጄ! ዕድሜውን ሙሉ ምስማርና ሜትር ሲሸጥ ለኖረ ሰው ሜትር ከእንግሊዝ አገር ይላካል? ያንቺው ግን ጥሩ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ብሰቅለው ገዥ ባላጣሁ።

ያልሽኝን ያህል ሞክሬያለሁ። ከወዳጄ ከአየነው ጋር ወጣንና እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን። እንደምታውቂው ጉብታው ሥር ያለው ድንችና ገብስ የእሱ ነው። የውጭው ግንብ ርዝመት ሃያ ሁለት ሜትር ከሩብ ነው። የመተኮሻ ቀዳዳዎቹን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። አየነው ፈረሱን ግንቡ ላይ አስሮ ነበርና ፈረሱንም አብረን ልንለካው ምንም አልቀረን።

የውስጠኛው ክፍል ግን አይለካም። ቦምብ አለበት። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ያልፈነዳ ቦምብ ነው፤ ጫፉ በሩ ላይ ወጥቶ ይታያል። ከብት እንኳ በዚያ አያልፍም። የዳንግላ ልጅ ሁሉ ይህንን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚያውቀው። እንግሊዝ አገር ሲገቡ ያስረሳል እንዴ?

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። እነዚህ ጡረተኞች እነማን ናቸው? የደከመ ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንጂ በዝናብ ጭቃ ላይ ይንበረከካል? ማን ነው የሚልካቸው? የእኛን ምሽግ ለኪ ያሉሽ እነሱ ናቸው ወይስ አንቺ ነሽ ያነሣሽው? በመካከላቸው ጣሊያን አለ ወይ? የድሮ ካርታ ይዘው ከሆነም ንገሪኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። በተለይ የውስጠኛውን ክፍል «ከሁሉ በላይ» ብለሽ መጻፍሽ ከነከነኝ።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤሽ ማሸጊያው ተልጦ እንደገና ተለጥፎ ነው የደረሰኝ። ሃጀር አልከፈትኩም ብላ ምላለች፤ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ከሻንጣዋ ጋር የሆነ ዘመድ ቤት አድሮ ነበር አሉ። ሃጀር ትማል፤ ማሸጊያው ግን አይምልም። ስለዚህ ከእንግዲህ በወረቀትም ቢሆን ቀስ እያልሽ አውሪ።

አላህ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ።

አጎትሽ አብዱልሀፊዝ


ኬንት
ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ለልኬቱ አላህ ይስጥልኝ። የአየነውን ፈረስ ነገር ለጡረተኞቹ ስነግራቸው ስቀው ሞቱ።

በመካከላቸው ጣሊያን የለም። ካርታም የለም። ማንም አልላካቸውም፤ ሥራው ደስ ስለሚላቸው ነው የሚሠሩት። የእኛን ምሽግ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የውስጠኛውን ክፍል ከሁሉ በላይ ያልኩትም እሱን ብቻ አይቼው ስለማላውቅ ነው።

ቦምብ አለ ካሉኝ ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከጡረተኞቹ አንዱ የወታደር ቦምብ አምካኝ የነበሩ ሰው ናቸው። «ምን ዓይነት ነው? ማን አየው? ለምን ለሚመለከተው አልተነገረም?» ብለው ጠየቁኝ። በእርግጥስ ለምን አልተነገረም? ልጆች በዚያ ከብት ይጠብቃሉ። እርስዎ ለሱቅዎ በር ሦስት ቁልፍ የሚያንጠለጥሉ ጥንቁቅ ሰው ነዎት። ዕድሜዎን ሙሉ ቦምብ እያዩ እንዴት ዝም አሉ?

አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል። ልጅ ሳለሁ በየዓመቱ በየካቲት ወር ሱቅዎን ዘግተው ከአየነው ጋር ወደ ጉብታው ይወጡ ነበር። ሲመለሱ ሱሪዎ ጉልበቱ ድረስ አፈር ነው። አባቴን «የት ሄደው ነው?» ብዬ ብጠይቀው ወሬውን ወደ ሌላ አዞረብኝ። አሁን ሳስበው፣ ቦምብ ካለበት ቦታ ሰው በየዓመቱ ምን ሊሠራ ይሄዳል?

እርስዎን ከማደክም ብዬ የክፍል ጓደኛዬን ሀይማኖትን አስቸግሬያታለሁ። ዳንግላ የታሪክ መምህርት ናት። ከበሩ ሳታልፍ በሩቁ ፎቶ ታነሣለች። ቦምቡ ከታየ ሽማግሌው ዓይነቱን ይለያሉ፤ ከዚያ የሚያነሣው ሰው ይፈለጋል።

ለእትዬ ሰውዳ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ኢንሳፍ


ዳንግላ
የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለኢንሳፍ፤

ወዐለይኩም ሰላም። ደህና ነን።

ሀይማኖትን አትላኪ ልልሽ ነበር። ደብዳቤሽ እጄ ሲገባ ግን ልጅቱ ወጥታ ወርዳ ጨርሳለች። ስልኳን ይዛ ከጉብታው ስትወርድ ከተማው ሁሉ አይቷታል። በዚህ ጊዜ ምሽግ እየለኩና ፎቶ እያነሡ መዞር ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ አይገባሽም። እሷም አልገባትም፤ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁሉ የማይጠረጠር ይመስለዋል።

ወገኔ የሚባለው የከሰል ነጋዴ ባለፈው ሱቄ መጥቶ ተቀመጠ። ከዚህ በፊት ምስማር ሊገዛ እንኳ ሰው ነበር የሚልከው። «አብዱልሀፊዝ፣ ከእንግሊዝ ካርታ መጣልህ አሉ» አለኝ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የማሸጊያው ነገር አሁን ገባሽ?

አየነው ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል ቆሰበር ሄዶ ከፈረሰኞቹ ጋር ተሰልፎ ነበር። እዚያም አንድ የማያውቀው ሰው ጠጋ ብሎ «የጉብታው መሬት በሊዝ ነው በርስት?» ብሎ ጠየቀው አለኝ። ፈረስ ሊያይ የመጣ ሰው የመሬት ነገር ምን ያደርግለታል?

የየካቲቱን ጉዞዬን የጠየቅሽኝን አልመልስም። አባትሽ አላህ ይርሐመው ወሬውን ያዞረብሽ አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ባትሪው አልቋል። አትላኪ።

አብዱልሀፊዝ


ኬንት
መጋቢት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አብዱልሀፊዝ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳን በደጅ ነው፤ አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ። በዚህ ሰሞን የሚያስከፋዎትን ነገር መጻፍ አልፈልግም ነበር። ዝም ብዬም ግን መጾም አልቻልኩም።

የሀይማኖት ፎቶዎች ደረሱኝ። ቦምብ ያሉኝን ለሽማግሌው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉና ሳቁ። የውሃ ቧንቧ ነው አጎቴ። ጫፉ ላይ የጥርሱ ሽክርክሪት በደንብ ይታያል። ቀይ ተቀብቷል፤ ቀለሙም የሰነበተ አይደለም። ያንን ቀይ አውቀዋለሁ። የሱቅዎን በር የቀቡበት ቀለም ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን እስቅ ነበር። ወለሉ ተጠርጓል። በዙሪያው ያለው ክፍል ሁሉ የፍየል በጠጥና ድንጋይ ሆኖ ያ ክፍል ብቻ እንደ ሰው ቤት ተጠርጓል። በአንድ በኩል አፈሩ ከቀረው ከፍ ብሎ ተደልድሏል። ግድግዳው ላይ የሰም ጠብታ አለ። እዚያ ውስጥ ሰው መብራት አብርቶ ይሠራል ማለት ነው።

አሁን በግልጽ ልጠይቅዎ። ከአየነው ጋር እየቆፈራችሁ ነው? ጣሊያን ሲሄድ ወርቅ ቀብሯል የሚለውን ወሬ እርስዎ ሲስቁበት ነው የማውቀው። የሚስቁት ሌላ ሰው እንዳይጠጋ ነበር እንዴ? ስለ ጡረተኞቹ፣ ስለ ካርታው፣ ስለ ጣሊያኑ የጠየቁኝን ሁሉ እንደገና አነበብኩት። ታሪኩን ያሰበ ሰው ጥያቄ አይደለም። ይህንን ስጽፍ አፍሬያለሁ፤ የአባቴ ወንድም ነዎት፣ ትምህርት ቤት የገባሁት በእርስዎ እጅ ተይዤ ነው። ቢሆንም ምሽጉ የእርስዎ አይደለም። የሁላችንም ነው።

ምዝገባውን ጨርሰናል። ሀይማኖት ከነፎቶው በትልቁ አሳትማ በትምህርት ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። «በውስጠኛው ክፍል ቦምብ የለም፤ የሚታየው የውሃ ቧንቧ ነው» ብለን ጽፈናል። ለወላጆች ቀን የመጣ ሰው ሁሉ አንብቦታል። ከእንግዲህ ተደብቆ የሚሠራ ነገር አይኖርም።

ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ። ካላጠፋሁ ግን እውነቱን ይንገሩኝ።

ኢንሳፍ


ዳንግላ
ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ኢንሳፍ፤

ወዐለይኩም ሰላም። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዒድ በኋላ ነው። የጻፍሽው ነገር ግን ከደብዳቤው ቀድሞ ደርሷል።

የፋሲካ ማግስት ሱቅ ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። እኔ ጾም ነኝ፣ ክርስቲያኑ እየበላ ነው፣ ገበያ የለም። ደረሰ የሚባለው የወገኔ ከሰል ጫኝ ዶማ ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ ከእርስዎ የገዛሁት ነው፤ ዛቢያው ተሰበረ፣ ይለውጡልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በሆሳዕና ሰሞን እኔው ነኝ የሸጥኩለት። ወላሂ፣ «የበረከት እርሻ ያድርግልህ» ብዬ መርቄዋለሁ። «ምን ብትቆፍርበት ነው እንዲህ ቶሎ የሰበርከው?» አልኩት። «ድንች» አለ። ዶማውን ገለበጥኩት። ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል። በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ኖራ ነው።

የዳንግላ ድንች ኖራ ውስጥ አይበቅልም ልጄ። በዚህ አገር መሬት ላይ ኖራ ያፈሰሰ ጣሊያን ብቻ ነው።

አዲስ ዛቢያ አስገብቼ ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት እንጃ፤ እጄ የለመደውን ሠራ። እሱ ሲወጣ ሱቁን እንኳ በቅጡ ሳልዘጋ በባጃጅ እስከ መንገዱ ማለቂያ ሄድኩ። አየነው እንግዶች ከበውት ማዕድ ላይ ነበር። ፊቴን አይቶ እጁን ታጥቦ ተነሣ። ጉብታውን የወጣሁት እሱ ከኋላ እየገፋኝ ነው።

የፋሲካ ዕለት ነው የቆፈሩት። ቀኑን ያወቁ ሰዎች ናቸው፤ አየነው ከቤቱ እንደማይወጣ፣ እኔም በጾም ጉልበቴ ዳገቱን እንደማልሞክረው አውቀዋል። ቧንቧዬን ነቅለው ወርውረውታል። ወለሉን እስከ ወገብ አውርደውታል። ወርቅ አላገኙም። ያገኙትን በአካፋ ወደ ጥግ ገፍተውታል። አጥንት ነው።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አባቴ፣ ያንቺ አያት ማለት ነው፣ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ጠሃ ይባላል። ጨው በበቅሎ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። ለጣሊያኖቹ ምሽግ ድረስ ጨው ይወስድላቸዋል፤ ያየውን ይዞ ደግሞ ለአርበኞቹ ይነግራል። የሚነግረው ለአየነው አያት ለአሳምነው ነው። በ1933 በየካቲት ጣሊያን ምሽጉን ጥሎ ሲሄድ ሕዝቡ ለመዝረፍ ወጣ። ጠሃና አሳምነው በሩ ላይ ቆመው ከለከሉ። «ቤቱን የምናውቀው እኛ ነን፣ እኛ ቀድመን እንግባ፤ እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው አይሄዱም» አሉ። ገቡ። ጣሊያን በሩ ውስጥ ፈንጂ አጥምዶ ኖሯል። ጣራው ከላያቸው ወረደ።

ቦምቡስ ነበረ ልጄ። የፈነዳው በ1933 ነው።

አንዱን ከአንዱ ለይቶ ለማውጣት አልተቻለም። እዚያው እንዳሉ አፈር አለበሷቸው። ሸሂድ ከነልብሱ ነው የሚቀበረው፤ አሳምነውም ከነልብሱ ሄደ። ወሩ ሳይሞላ ታዲያ ወርቅ ፈላጊ መጣ፤ ጣሊያን ያለ ነገር እዚህ ክፍል ፈንጂ አያጠምድም ተባለ። ያን ጊዜ አባቴና የአየነው አባት መከሩና «ሌላ ቦምብ ቀርቷል» ብለው አስወሩ። ስንት መንግሥት ተቀያየረ፤ ያቺ ወሬ ያለ አጥርና ያለ ዘበኛ ሰዎቹን አስተኝታቸው ኖረች። ዘመኑ ሲለወጥ ሰው ወሬ ብቻ አላምን አለና ቧንቧውን የተከልኩት እኔ ነኝ። ቀለሙም የእኔ ነው። በፎቶ አይተሽ ማወቅሽ ያኮራኛል፤ ያቃጥለኛልም።

በየካቲት እንወጣለን። ወለሉን እንጠርጋለን። አየነው ጧፍ ያበራል፣ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። ይኸው ነው ቁፋሯችን።

ለአንቺ ያልነገርኩሽ ደብዳቤ ስለሚከፈት ነው። የወንድሜን ልጅ አላመንኩም ማለት እንዳይሆንብኝ እፈራ ነበር፤ ግን ነው፤ አላመንኩሽም። አንቺም እኔን አላመንሽኝም። ወገኔ ግን ሁለታችንንም አምኖን ነው የቆፈረው። እኔ ያለ ነገር እንደማልደብቅ አመነ፤ አንቺ ቦምብ የለም ስትዪም አመነ።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ገና አልለየሁም።

አብዱልሀፊዝ


ኬንት
ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

አጎቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም።

ደብዳቤዎን ወጥ ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት። ተቀምጬ ባነብ ኖሮ የምነሣ አይመስለኝም። ሌባ ብዬዎታለሁ። ቃሉን አልጻፍኩትም እንጂ ብያለሁ። ሌባውን መንገድ የመራሁት ግን እኔ ነኝ።

ሀይማኖት ፎቶዎቹን ከግድግዳው አውርዳለች፤ እሷም ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። ለቦምብ አምካኙ ሽማግሌ ሁሉንም ነገርኳቸው። «እኔ ቧንቧ መሆኑን ብቻ አየሁ፤ ማን ለምን እንደተከለው አልጠየቅሁም» አሉ።

አሁን የሚሉኝን አደርጋለሁ። ምዝገባውን ልቅደደው? ወይስ «ቦምብ አለ» ብዬ ልመልሰው? ውሸት ጻፊ ቢሉኝ ሳላቅማማ እጽፋለሁ።

የሟቾቹን ነገር እንዴት አደረጋችሁ? ጠሃ የሚባል አያት እንዳለኝ ሳላውቅ ነው እዚህ የሰው አገር ምሽግ ስለካ የከረምኩት። አልቅሼ አልወጣልኝም።

ኢንሳፍ


ዳንግላ
ሰኔ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢንሳፍ፤

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታውን ዛሬ ሙሉ አድርጌዋለሁ። እኔም ሰውዳም ደህና ነን፤ ዝናቡ ጀምሯል፤ የአየነው ድንች በቅሏል።

ቦምብ አለ ብለሽ ልትጽፊ ማሰብሽን ሳነብ ሳቅሁ። እኔ ቀድሜሽ ሞክሬዋለሁ። ከዒድ በኋላ በዚያው ቀይ ቀለም «አደጋ! ቦምብ!» ብዬ ሰሌዳ ጽፌ ተከልኩ። ከብት ጠባቂዎቹ «ጋሼ፣ ቧንቧው ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አንዴ የተሰበረ ውሸት አይጠገንም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተሰበረ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁ።

ሰሌዳውን ነቅለን ከአየነው ጋር መከርን። ነገሩን የቋጨው እሱ ነው። «ፈርተን ደበቅናቸው። እስቲ አሁን ደግሞ ሰው አፍሮ ይጠብቃቸው» አለ። እኔ ሰው ያፍራል ብዬ አላምንም ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምንም። ሌላ መንገድ ግን አልነበረንም።

ስለዚህ ለከተማው ነገርን። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ተነገረ። ሸኹም ቄሱም ጉብታው ላይ መጡ። አጥንቱን የማን የማን ነው ብለን ለመለየት ሞከርን፤ ሸኹ ጥቂት አዩና «ተውት፤ አላህ ያውቃቸዋል፤ አብረው ተኝተው የኖሩትን እኛ ምን ብለን እንለያያለን» አሉ። ቄሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። በአንድ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለን እዚያው ክፍል መልሰን አስተኛናቸው። ጨርቁ ከሱቅ ጎረቤቴ ነው፤ ገንዘብ ባወጣ ተቀየመኝ።

ከዚያ በሩን ለመድፈን ሰው ሁሉ ድንጋይ ይዞ መጣ። ያን ቀን ያየሁትን ብነግርሽ አታምኚም፤ በየቤቱ መሠረት ሆኖ ከቀረው በቀር በየግቢው የተከመረው የምሽጉ ድንጋይ በሰው ትከሻ ተመለሰ። አንዳንዱን ድንጋይ ሳየው የማን አጥር እንደነበረ አውቀዋለሁ። ወገኔም መጣ። ከሁሉ ቀድሞ ነው የመጣው። ጫማውን አየሁት፤ ታጥቧል። ለበሩ ከተዘጋጀው ድንጋይ ትልቁን መርጬ «ይህ ያንተ ነው» አልኩት። ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ሁለት ጊዜ አረፈ። ሰው ሊያግዘው ሲነሣ አየነው በዓይኑ መለሰው።

ደረሰ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት ግን ሱቄን ስከፍት የለወጥኩለት ዛቢያ በሩ ላይ ተደግፎ አገኘሁት። አንስቼ ወደ ቦታው መለስኩት። አልሸጠውም።

አሁን ያልሽውን ምዝገባ ጻፊ። የሀይማኖትም ፎቶ ወደ ግድግዳው ይመለስ፤ ነግሬያታለሁ። ጠሃ፣ የጨው ነጋዴ፤ አሳምነው፣ ገበሬና አርበኛ ብለሽ ስማቸውን አስገቢ። ቧንቧውንም አትተዪው፤ እሱም ጠብቋቸዋል፤ አሁን ሀይማኖት ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ለተማሪ ታሳየዋለች። ለቦምብ አምካኙ ሽማግሌ ሰላም በይልኝ፤ ቧንቧ መሆኑን ለይተው ማወቃቸው ሙያቸው ነው፣ አልተቀየምኳቸውም። በአንቺም አዝኜ ነበር፤ አሁን የለም።

ባትሪም ላኪልኝ። ሰው ሱቅ ድረስ እየመጣ ታሪኩን ይጠይቀኛል፤ ጥያቄውን ካልሰማሁ እንዴት እመልሳለሁ? የጠያቂውንም ድምፅ መስማት አለብኝ፤ ሁሉም ለታሪክ አይደለም የሚጠይቀው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ከሁሉ በላይ ብለሽ የጠየቅሽኝን እስከ ዛሬ አልመለስኩልሽም። በሩ በድንጋይ ከመዘጋቱ በፊት አንቺ በላክሽው ሜትር ራሴ ገብቼ ለካሁት፤ አየነው ከበሩ ላይ ጫፉን ይዞልኝ ነበር። ቁጥሩን ሀይማኖት በትክክል ጽፋ ትልክልሻለች። ጡረተኞቹ ቢጠይቁሽ ግን የውስጠኛው ክፍል ስፋት ሁለት ሰው ያስተኛል በያቸው።

አጎትሽ አብዱልሀፊዝ